እማዬ፣ ልጆቹ አኩርፈው አይደለም

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ኅዳር

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ መካነ ሰላም

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልሽ ወንድሜ በቅንፍ ውስጥ የጻፍኩትን ድምፁን ሳያሰማ ለራሱ አንብቦ ይለፈው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህቺ አትጠፋውም።

ያ የላክሁልሽ ፎቶ ቅር እንዳሰኘሽ ሰምቻለሁ። ቡና ሊጠጣ የመጣው ጎረቤት ሁሉ እየተቀባበለ አይቶ፣ "እነዚህ ልጆች ምን አጥፍተው ነው?" አለ አሉ። አንቺም በስልክ "ልጆቹን አትቆጫቸው" እያልሽ እኔን ስትቆጪ ካርዱ አለቀ። እማዬ፣ ልጆቹ አኩርፈው አይደለም። እቤት ሲስቁ ከታች የሚኖረው ሰውዬ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድብብናል። ካሜራ ሲያዩ ግን ያ ሁሉ ሳቅ የት እንደሚገባ እንጃ።

ደግሞስ ከማን ወረሱት? እስቲ ቀና በይና ዳንቴል ከላዩ ጣል የተደረገበትን የግድግዳሽን ፎቶ እዪው። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ተጉዘን፣ በአቀስታ በኩል አቧራውን ጠግበን፣ ደሴ ፎቶ ቤት ገብተን የተነሳነውን። ከኋላችን በቀለም የተሣለ ፏፏቴ፣ ከጎናችን የፕላስቲክ አበባ። አባዬ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። አንቺ ነጠላሽን እስከ አገጭሽ ሰብስበሽዋል። እኔን ፎቶ አንሺው "እንዳትተነፍሺ" ብሎኝ ዓይኔ ሊወጣ ደርሷል። ከሦስታችን አንድ ጥርስ አይታይም። ያኔ ሰው ፎቶ ቤት የሚሄደው ጨዋነቱን ሊያሳይ ነው፤ ጥርሱን የሚያየው ጎረቤት አላጣም። ፊልሙም ተቆጥሮ የሚገዛ ነበርና ፎቶ አንሺው ሳቃችንን የሚጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረውም። አሁን ለልጅ ልጆችሽ ሲሆን ጥርስ አማረሽ። መብትሽ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከእኛው ደጋ የወጣ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ከመቅደላ ተወስዶ በሐምሌ 1860 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1868፣ ዋይት በምትባል የእንግሊዝ ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ፊት ተቀመጠ። የሰባት ዓመት ልጅ ነው። አባቱን ሚያዝያ ላይ አጥቷል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ግንቦት ላይ በመንገድ ሞተውበታል። አብሮት ያለው የአገራችን ሰው "ባሻ ፈለቀ" ሲል የጠራው እንግሊዛዊው ካፒቴን ስፒዲ ነው። በዚያ ዘመን ምስሉ የሚያርፈው ገና ከነመድኃኒቱ እርጥብ በሆነ መስታወት ላይ ስለነበር የሚነሳው ሰው ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት፤ ሴትዮዋ ደግሞ ሰውን ለደቂቃዎች በማስቀመጥ የታወቀች ናት። ፎቶዎቹ ዛሬም አሉ። ባየኋቸው ሁሉ ላይ አንገቱ ላይ ጌጥ አለ፣ ፊቱ ላይ ግን ሳቅ የለም። ያን ልጅ "ፈገግ በል" የሚል አንጀት ያለው ማን ነው? እኔ ከእሱ ወዲህ፣ ልጅ ካሜራ ፊት ሲኮሳተር መጀመሪያ የምፈልገው የከበደውን ነገር ነው።

የእኛዎቹን የከበዳቸው፣ ክብር ለእግዚአብሔር፣ ኮትና ሹሩባ ነው።

ዘንድሮ ባለሙያ ፎቶ አንሺ ቀጠርን። (ወንድሜ፣ ዋጋውን እንዳትነግራት። ሙክት በግ ተገዝቶ መልስ ይተርፈው ነበር።) ሴትዮዋ ስትደውል ስለ ልብስ ቀለም ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ልጆቹ ስንት ሰዓት ይተኛሉ? ሲርባቸው ምን ያደርጋሉ?" አለችኝ። ሲርባቸው የሚያደርጉትን ነገርኳትና ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ቀጠረችን። በዚያ ሰዓት ብርሃኑ ይለዝባል፤ ዓይን አያጨናብስም፣ ከአፍንጫ ሥር ጥቁር ጥላ አይጥልም። ልጆቹም ተኝተው፣ በልተው ይደርሳሉ። ዓባይን ተሻግሮ ያገባኝ አማችሽ ግን "ለብሰው ሳለ ከቅዳሴ በቀጥታ እንውሰዳቸው" አለ። ከንጋት ጀምሮ ቆሞ ያስቀደሰ ልጅ የሚስቀው እንጀራ ሲያይ ብቻ ነው። ተከራክሬ ረታሁት።

የሴቷን ሹሩባ በዋዜማው አሠራኋት። በዕለቱ ጠዋት የተጎነጎነ ፀጉር ገና ቆዳውን እየሳበ ነው፤ ልጅቷ በግድ ቅንድቧን ሰቅላ ትውላለች። ቀሚሷንም አንድ ቀን ቀድማ እቤት እንድትለብሰው አደረግሁ። ጥለቱ አንገቷን እንደሚበላት ያወቅነው በዚህ ነው፤ ከሥሩ ስስ ካናቴራ አለበስናት። ለአፍ ማታለያ አንቺ የላክሽውን ዳቦ ቆሎ ይዤ ሄድኩ። ቸኮሌት ቢሆን ጥርስም ነጠላም ያበላሽ ነበር። ፎቶ አንሺዋም ቀመሰችውና ኪሷን ሞላች።

መናፈሻው እንደደረስን ካሜራዋን ታወጣለች ስንል ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ከልጆቹ ጋር እኩል ሆነች ማለት ነው። ከላይ ወደ ታች የሚያይ ሰው ልጅን ያስፈራዋል፤ በፎቶውም ላይ ልጁ ግንባር ብቻ ይሆናል። ከዚያ ያን የሚያህል ውድ ካሜራ ለትልቁ ልጅ ሰጠችው፣ "መጀመሪያ አንተ አንሳኝ" ብላ። አማችሽ ዋጋውን በልቡ ሲያሰላ ላብ አጠመቀው። ልጁ አንገቷን ቆርጦ አነሳት፤ ተመልክታው "ቆንጆ!" አለች። ከዚያች ደቂቃ ወዲያ ልጁ ረዳቷ ነው፤ "አሁን ወደዚህ ዙሩ" እያለ እኛኑ ያዝዘን ጀመር።

ለግድግዳሽ የሚሆነውን፣ ሁላችን አብረን የቆምንበትን፣ መጀመሪያ አነሳችን። ትዕግሥት ገና ሳያልቅ ቁም ነገሩ ይቅደም ነው ነገሩ። ችግሩ አማችሽ ነው። ልጆቹ ለብቻቸው ሲነሱ ከፎቶ አንሺዋ ጀርባ ቆሞ ያስቅልኛል ብሎ እስክስታ ወረደ። ልጆቹ ሳቁ፣ ግን ዓይናቸው ሁሉ እሱ ላይ ነው። ሴትዮዋ በትሕትና "መኪና ውስጥ ውኃ ይኖር ይሆን?" ብላ ላከችው። ውኃው አጠገቧ ነበር።

ትንሹን "ፈገግ በል" አልኩት ከልማዴ የተነሳ። ላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሁሉ እንደ ደንቆሮ ጫካ ጭላዳ አወጣው። (ወንድሜ፣ ይህን ፎቶ ላንተ ብቻ ነው የላክሁት። ብሔራዊ ፓርኩ እንዳያየው።) ሴትዮዋ ዞር ብላ "ዛሬ እዚህ መሳቅ ክልክል ነው" ስትል አወጀች። ከካሜራዋ አናት ላይ ትንሽ የላስቲክ ዳክዬ አስቀምጣ፣ "እንዳትወድቅ ጠብቃት" አለችው። ከዚያ አስነጠሰች፤ ዳክዬዋ ዱብ። ልጁ ፈነዳ። መልሳ አስቀመጠች፣ መልሳ አስነጠሰች። በየመሃሉ ጣቷ ሥራውን ይሠራል። ካሜራው በፊቷ ላይ እንዳለ እንኳ የረሳው ይመስለኛል።

መካከለኛዋ ግን "አልነሳም" ብላ ጀርባዋን ሰጠችን። እዚህ ላይ እኛ አገር ያለችውን መድኃኒት ታውቂያታለሽ፤ ከጀርባ በኩል፣ ነጠላው በሚሸፍነው ቦታ፣ ትንሽ ቁንጥጫ። ሴትዮዋ ምንም አላለቻትም፤ የረገፈ ቅጠል እንድትለቅም ተወቻት። ልጅቷ ቢጫውን ለብቻ፣ ቀዩን ለብቻ ደርድራ ስትጨርስ ራሷ መጥታ "የእኔን ቅጠል አንሺ" አለች። በእጆቿ ታቅፋ፣ አንዱ ቅጠል ሹሩባዋ ላይ ተሰክቶ የተነሳችው ከሁሉም ይበልጣል። ልጆቹ ገና ጨዋታው ሳይሰለቻቸው ሴትዮዋ "በቃን" ብላ ካሜራዋን ከተተች፤ "ነገም እንመጣለን?" እያሉ አለቀሱ። እስካሁን ለፎቶ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ልጆች አንነሳም ብለው ነበር፤ መነሳት አምሮት የሚያለቅስ ልጅ ግን አዲስ ነው።

ፎቶዎቹን የሚያመጣልሽ ለገና የሚገባ ያገር ልጅ ነው። በትልቁ ላይ አማችሽን ስታዪ እንዳትደነግጪ፤ ለእስክስታው ከወዲሁ ሲያሟሙቅ የግራ ትከሻው ጆሮው ሥር ናት። ዓይን ትፈሪያለሽና ፌስቡክም ቲክቶክም ላይ እንዳይወጣ ወንድሜን አስጠንቅቂልኝ።

አሁን ተራው ያንቺ ነው። ወንድሜ በስልኩ ያንሳሽ፤ አቦሉ ላይ አይሁን፣ ያኔ ገና ቁም ነገር ታወሪያለሽ። በረካው ላይ፣ ስለ ጎጃም አማቶቼ መናገር ስትጀምሪ፣ "ተዘጋጂ" ሳይልሽ ያንሳሽ። ነጠላሽንም አገጭሽ ድረስ እንዳትስቢው። ፎቶውን ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ለመልእክተኛው ስጪው፤ በአንድ ፌስታል ግን እንዳታደርጊው። የአክስቴ ሠርግ ፎቶ እንደዚያ ሆኖ መጥቶ፣ ይኸው ሙሽራዋን ባየን ቁጥር እናስነጥሳለን።

ልጅሽ