የሻወር ቤት መስኮት ነገር፤ አጭር ጥናት በመስታወት ብሎኬት ላይ

የአገራችን ሊቃውንት ስለ ዙፋን፣ ስለ መሬት ስሪትና ስለ ቅኔ ብዙ ጽፈዋል። ስለ ሻወር ቤት መስኮት ግን ዝም ብለዋል። ይህ ጥናት ያንን ክፍተት ለመሙላት የተሰናዳ ሲሆን፣ ክፍተቱ 60 በ60 ሳንቲሜትር ነው።

መስኮቱ ሦስት ግዳጅ አለበት፦ ብርሃን ማስገባት፣ እንፋሎት ማስወጣት፣ ዓይን መከልከል። ሦስቱን አንድ ላይ የፈጸመ መስኮት በአዲስ አበባ እስካሁን አልታየም። ናሙናችን የሆነው አሮጌ የብረት መስኮት መጀመሪያ ግልጽ መስታወት ነበረው። ከጎኑ ፎቅ ሲሠራ መስታወቱ ነጭ ዘይት ቀለም ተቀባ፤ ቀለሙን እንፋሎት ሲልጠው ጋዜጣ ተለጠፈበት። እጀታው በሽቦ የታሰረ ነው፤ አፈታቱን የሚያውቁት አባወራው ብቻ ናቸው። ደፉ ላይ የሳሙና ስባሪ፣ የዛገ ምላጭና ባለቤት ያልተገኘለት የጥርስ ብሩሽ ተገኝተዋል። የብሩሹ ጉዳይ በቤተሰቡ ውስጥ ስላልተቋጨ አንገባበትም።

በመስኮቱ ምትክ የታሰበው የመስታወት ብሎኬት ረጅም ታሪክ አለው። ጉስታቭ ፋልኮኒዬ የተባለ የስዊስ አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1886 እንደ ጠርሙስ እየተነፋ ለሚሠራ የመስታወት ጡብ የፈጠራ መብት አወጣ። የብሎኬቱ ስም የገነነው ግን ፓሪስ ውስጥ ነው። ፒየር ሻሮ ከበርናርድ ባይፉት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1932 ለአንድ የማህፀን ሐኪም የጨረሰው ቤት በግቢው በኩል ያለው ፊቱ ከሞላ ጎደል የመስታወት ብሎኬት ነው። ነባሩ ቤት እንዲፈርስ ታስቦ ነበር፤ ከላይኛው ፎቅ ያሉት አሮጊት ተከራይ ግን አልወጣም አሉ። እርሳቸው ከነፎቃቸው እንዳሉ ከሥራቸው ያለው ፈረሰና አዲሱ ቤት ከታች ገባ። ከተከራይ ጋር ተካስሶ የሚያውቅ የአዲስ አበባ አከራይ ይህን ታሪክ ሲሰማ ስለ መስታወቱ ምንም አይጠይቅም። የሚጠይቀው አሮጊቷ ኪራይ ጨምረው እንደሆነ ብቻ ነው።

የተለመደው ብሎኬት 19 በ19፣ ውፍረቱ 8 ሳንቲሜትር ነው። ሁለት ግማሾች እንደጋሉ ይጋጠማሉ፤ ውስጡ የታፈነው አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል። ለናሙናችን ዘጠኝ ይበቃል። አሥር ይገዛል፤ አንዱ መንገድ ላይ ይሰበራል።

ሳይንስና ልምድ የሚጋጩት ግንበኛው ሲመጣ ነው። ግንበኛ ብሎኬት አልገጥም ሲለው በመዶሻ ጠርዝ ይገምሰዋል፤ መስታወቱ ግን ግማሽ የለውም። የሲሚንቶ ብሎኬት ከሞርታሩ ውሃ ስለሚጠጣ ቶሎ ይይዛል። መስታወት አይጠጣም፤ ሞርታሩ ጠጠር ብሎ ካልተቦካ ረድፉ ይንሸራተታል። ቤት እንዲሸከምም አይጠየቅም፤ በላይና በጎን ለስላሳ መላወሻ ካልተተወለት ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ በትዕግሥት ያዳመጠው ግንበኛ «ችግር የለውም» አለ፤ በግንባታ ሥራ ከዚህ ቃል የበለጠ የሚያሳስብ የለም። ክፍተቱ ሲለካ ከላይ 61፣ ከታች 58 ሆኖ ተገኘ። ግንበኛው ሜትሩን ጠረጠረ።

የዓይኑ ነገር ድብልቅ ውጤት አሳይቷል። ሞገዳማው መስታወት ሰውን ወደ ቀለም ይለውጣል፤ ራቅ ብሎ የሚታጠብ ሰው ቅርጽ የሌለው ቡናማ ነገር ነው፤ ሲጠጋ ክርን ያወጣል። ማታ አምፖል ሲበራ ደግሞ ቡናማው ነገር እስከ ጎን ፎቅ ይታያል። በአካባቢው እንዲህ ያለ መስኮት ካለው ቤት ትይዩ የሚኖሩ አንዲት እትዬ ስለ ታጣቢው ማንነት አስተያየት የላቸውም። ስለ ቆይታው ግን አላቸው፦ «ውሃው በፈረቃ መሆኑን ረስቶት ነው?»

ዋናው ክርክር እንፋሎቱ ነው። ዘጠኙም ከተደረደሩ መውጫ የለውም፤ ኮርኒሱ ሻጋታ ያበቅላል። ስለዚህ የአንዱ ብሎኬት ቦታ ለአየር ይተዋል። የትኛው? እንፋሎት ወደ ላይ ስለሚወጣ ሳይንሱ የላይኛው ይላል፤ እማወራዋም ከሳይንሱ ጋር ናቸው። አባወራው መሃሉን ይሻሉ። ገላው በሳሙና እንደተለቀለቀ ውሃ የሄደበት ሰው «ሮቶውን ክፈቱልኝ!» ብሎ የሚጮኸው ወደ ኮርኒስ አይደለም የሚል ነው ክርክራቸው። ጥናቱ ይህን መከራከሪያ ማፍረስ አልቻለም።

ሦስተኛው ወገን የመጨረሻው ልጅ ነው። ቁልፍ ውስጥ ተረስቶ በሩ በተዘጋ ቁጥር፣ ወገቡን ተይዞ በሻወር ቤቱ መስኮት የሚሾልከው እርሱ ነው፤ ለዚህም ብስኩት ይከፈለዋል። 19 ሳንቲሜትሩን ከጭንቅላቱ ጋር አስተያይቶ አራት ብሎኬት ይተውልኝ ብሏል፤ አለዚያ ካሳ ይፈልጋል።

ነገሩ ለእሁድ ቡና ተቀጥሯል። ግንበኛው ግን ቀብዱን ተቀብሎ ስልኩን ዘግቷል።