ብሩን ቀንሰሽ ኪኑን አሳዪን

«መንዝ ጓሳ ድረስ ሄጄ ብርድ እንጂ ቴስት አላየሁም» አለች አሉ። እንዴት ታይ እቴ? ቀይ ቀበሮ ባጠገቧ ሲያልፍ እሷ የቦርሳዋን ዚፕ ጤዛ ነካው አልነካው እያለች ትመረምር ነበር።

ስሙኝማ ጎበዝ። የዛሬዋ ተከሳሽ እመቤት ብራንድ ትባላለች። አንድ ሰው እንዳትመስላችሁ። ቦሌም አለች፣ ደብረ ብርሃንም አለች፣ ዋሽንግተንም አለች፣ ሰሞኑን መሐል ሜዳም ታይታለች። ፂም ያላትም አለች፤ እሷ ጋ ኋላ እንደርሳለን።

«ሰው በቦርሳው ይታወቃል» ትላለች። እኛ ዘንድ ሰው የሚታወቀው በአባቱ ነው፤ አባቱ ካልታወቀ በአፉ ነው። በቦርሳው የሚታወቀው ፖስተኛ ነው። ደብዳቤ ካመጣሽ ስጪን፣ ካላመጣሽ እለፊ።

ደግሞስ በቦርሳሽ እንድናውቅሽ ከፈለግሽ ምነው የሰው ስም ጻፍሽበት? ሉዊ ቪቶን ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል። በስሙ የምትዞሪው ውርስ ደርሶሽ ነው? ያ የፊደልና የአበባ ጥልፍልፍ የወጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1896 ነው፤ ልጁ ጆርጅ ያወጣው አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች ቢያስቸግሩት እነሱን ለማባረር ብሎ ነው። በ1896! እኛ አድዋ ላይ ጣልያንን ባባረርንበት ዓመት! እኛ ያባረርነው እንኳ አርባ ዓመት አረፈልን። ጆርጅ ያባረረው ግን አላረፈም፤ ይኸው መርካቶ ገብቶ «ፈርስት ኮፒ ነው፣ ከኦርጅናሉ አይለይም» እያለ ይጣራል።

«የኔ ኦርጅናል ነው!» እሺ፣ አትጩኺ። ግን ከኮፒው ካልተለየ ማን ይለይልሽ? ደረሰኙን በአንገትሽ ልታንጠለጥዪው ነው? ኦርጅናል ማየት ካማረሽ ጓሳ ላይ ጭላዳውን እዪ። ደረቱ ላይ ቀይ ሎጎ አለው፤ ቻይና እስከዛሬ ኮፒ አላወጣችለትም። ትከሻው ላይ ንፋስ የሚያበጥረው ጋማ አለው፤ በዱቤ አልወሰደውም። ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ አገር የለውም፤ ዱባይን ብትገለብጪያት አታገኚውም። እሱ ቀኑን ሙሉ ጉች ብሎ ሳሩን ይነጫል፤ አንቺ ዓመቱን ሙሉ ጉቺ ብለሽ ደመወዝሽን ትነጫለሽ። ልዩነታችሁ እሱ ማታ መጥገቡ ነው።

ቀጠለች ደግሞ፦ «የገጠር ሰው ስለ ቦርሳ ምን ያውቃል?»

አናውቅም! ስልቻውን ጅብ ነው የሠራው። አቅማዳውን ንፋስ አመጣው። ኮረጆውም ከሰማይ ወረደ። አገልግሉ ቆዳ ለብሶ፣ ክዳኑ ገጥሞ፣ ማንገቻው ተጠፍሮ፣ የመንገደኛውን እንጀራ ከነወጡ ተሸክሞ ገደል ሲወርድ ሲወጣ ጠብታ የማያፈሰው በአጋጣሚ ነው። የቄሱ ዳዊት እንኳ ማኅደር አለው፤ ባለ ድርብ ቆዳ፣ በጠፍር የሚንጠለጠል። ውስጡ መቶ አምሳ መዝሙር አለ። ያንቺ ውስጥ ምን አለ? የሞተ ቻርጀርና የታጠፈ ፌስታል። ፌስታሏ የምትወጣው ዕቃ ሲኖር ነው፤ ቦርሳው ውስጥ ዕቃ አይከተትበትማ፣ ቅርጹ ይበላሻል!

መቀነትንም አትርሺ። እናቶቻችን ብራቸውን በጫፏ ቋጥረው ገበያ ይወጣሉ። ዚፕ የለ፣ ቁልፍ የለ፣ የዋስትና ወረቀት የለ። ግን ሌባ አይደፍራትም፤ መቀነት ለመፍታት ድፍረት ብቻ አይበቃማ፣ ጋብቻም ያስፈልጋል።

«እሱ ዕቃ መያዣ ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ስታይል ነው።» መጣሽልን! አንዲት ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን አንድ ዓይነት ትለበሳለች፣ ለለቅሶ ሌላ፣ ለድግስ ሌላ። ያየ ሰው ሳይጠይቅ ሴቲቱ ከየት እንደመጣች ያውቃል። አንዲት ነጠላ፣ ሦስት ንግግር። አንቺ ሦስት ቦርሳ ይዘሽ አንድ ንግግር ነው ያለሽ፦ «ስንት እንደሆነ ጠይቁኝ።»

ምርጫ ካልሽ ደግሞ የመንዝ ሴት ባና ስትመርጥ ቆመሽ እዪ። መጀመሪያ ነገር፣ ጠጉሩን ያሳደገችው በግ በጓሮዋ አለች። ፈትሉን ራሷ በእንዝርት አሹራዋለች። ሸማኔው ጋ ስትሄድ ማግና ድሩን በጣቷ ታሻለች፣ ወደ ብርሃን ታነሳዋለች፣ ሳስቶ ሰማይ ካሳያት ሰማዩን እዚያው ትታለት ትወጣለች። ክብደቱን በትከሻዋ ትለካዋለች። ጥቁሩ ከጥቁር በግ መሆኑን፣ በቀለም ተነክሮ አለመሆኑን ታውቃለች፤ ዝናብ ሲመታው እንደማያለቅስባት እርግጠኛ ትሆናለች። ይህን ሁሉ ጨርሳ ነው «ስንት ነው?» የምትለው። አንቺ መጀመሪያ «ስንት ነው?» ትያለሽ፣ ከዚያ ያምርሻል። ዋጋው ሲቀንስ አስቀያሚ ይሆንብሻል። ይኼ ቴስት ነው እንዴ? ይኼ ካልኩሌተር ነው።

«ባና ለብርድ ነው፤ ቦርሳ ግን ታሪክ አለው።» እሺ ታሪኩን እናውራ። ግሬስ ኬሊ፣ የሞናኮዋ ልዕልት፣ በ1956 ዓመተ ፈረንጅ እርግዝናዋን ከፎቶ አንሺዎች በቦርሳ ከለለች ይባላል። በቃ፣ ቦርሳው ኬሊ ተባለ። የኛ እናት ዘጠኝ ወር ሙሉ በባና ከልላ፣ በዚያው ባና ወልዳ፣ በዚያው ባና ጠቅልላ ክርስትና ስታነሳ ማን ባና በስሟ ጠራላት? ለነገሩ ፎቶ አንሺው ጓሳ ድረስ ቢወጣ ብርዱ ራሱን ባና ያስለምነው ነበር።

«ዲዛይነር ግን እኛ የማናየውን ያያል።» እውነት ነው፣ ኪስሽን ያያል። ባለንሲያጋ የሚሉት ቤት በ2017 ዓመተ ፈረንጅ አንድ ሰማያዊ ቦርሳ አወጣ። ኢኬያ በ99 ሳንቲም ይሸጠው የነበረውን መገበያያ ቁርጥ! ዋጋው 2,145 ዶላር። ተው ሲሉት በ2022 ባሰበት። የቆሻሻ መጣያ ከረጢት የሚመስል ቦርሳ ከጥጃ ቆዳ ሠርቶ 1,790 ዶላር አለው። ባለንሲያጋ ማለት በኛ አማርኛ «ባለን ሲያጋንን» ነው። ምን አለን? ፌስታል። አጋነነው። ዲዛይነሩ መሐል ሜዳ ገበያ መጥቶ የዩሪያ ጆንያ ቢያይ ዐይኑ ወደ ፓሪስ አይመለስም ነበር።

ቆይ፣ ገና ነው። በ2023 ሚስቺፍ የሚባሉ የብሩክሊን ጉዶች ከጨው ቅንጣት ያነሰ ቦርሳ ሠሩ። የሉዊ ቪቶን አምሳል፣ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ ያለ ማይክሮስኮፕ በቅጡ የማይታይ። በ63,750 ዶላር ተሸጠ! ገዢው አንዴ ቢያስነጥስ ሀብቱ አለቀ። ጓሳ አጠገብ የሚዘራው ገብስ ሆኖ ነው እንጂ ጤፍ ቢሆን ስንቱን ቦርሳ ከእንክርዳድ ጋር ለቅመን ጥለነው ነበር። «ምን ይይዛል?» ብለሽ እንዳታላግጪ። ያንቺ ደመወዝ ልክክ ብሎ ይገባበታል።

«ቢያንስ ቆዳው የውጭ ነው።» ኧረ እመቤቴ፣ የበዓሉን ማግስት ላስታውስሽ? «ቆዳ ያለው!» እያለ ልጁ በደጅሽ ሲያልፍ «በነጻ ውሰድና ገላግለኝ» ያልሽው አንቺ አይደለሽም? የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው፣ የጓንት ሠሪዎች ምርጫ ነው። ከ1826 ጀምሮ ቆዳ ሲያለፋ የኖረው የእንግሊዙ ፒታርድስ፣ በ2023 ከመክሰሩ በፊት፣ ይህን በግ ፍለጋ እዚህ ድረስ መጥቶ ፋብሪካ ይዞ ነበር። እንግሊዝ ባሕር ተሻግሮ የመጣለትን ቆዳ አንቺ አጥር ተሻግሮ እንዲጣልልሽ ለመንሽ። አባይ ሹልዝ የምትባል ሴት «ዛፍ» የሚል ስም አውጥታ አዲስ አበባ ላይ ከኢትዮጵያ ቆዳ ቦርሳ ስታሠራም «የሀገር ውስጥ ነው እንዴ?» ብለሽ መልሰሽ ያስቀመጥሽው አንቺው ነሽ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ ይባላል። አንቺ የሚያውቁሽ አገር መጥተሽ «ቁርበት አድንቁልኝ» አልሽ። ከጅብ የባሰ ድፍረት!

አሁን ፂም ያላትን ጥሯት። ና አያ፣ ወዲህ ቅረብ። ደረትህ ላይ በሰያፍ የታጠቅሃት ምንድናት? «ክሮስ ባዲ።» አያትህም በሰያፍ ነበር የሚታጠቁት፤ ዝናር ይባላል። ዝናሩን ወርሰሃል፣ ጥይቱ ግን ፓወር ባንክ ሆኗል። ያዝ እንግዲህ፤ ባትሪህ ሲያልቅ እጅህን ትሰጣለህ። ሂድ።

ወደ እመቤታችን እንመለስ። ደም ሥሯ ተገታትሯል፦ «ኤርሜስ ገንዘብ ስላለሽ ብቻ አይሸጥልሽም! ወረፋ አለው!» በዚህ ነው የምትኮሪው? የቦርሳ ቤቱ ደንበኞች መጀመሪያ ሻርፑን፣ ጫማውን፣ ሳህኑን ካልገዛን ቦርሳውን አያሳዩንም ብለው በ2024 ካሊፎርኒያ ላይ ከስሰዋል። ሳህን ገዝተሽ ቦርሳ ትጠብቂያለሽ! እኔ ዋጋውንም ወረፋውንም ስሰማ ኤርሜስን እርም ብያለሁ።

ለወረፋማ ማን ጓሳን ያስተምራል? አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምረው ይህን ደጋ በቀሮ ሥርዓት ይዘጉት ነበር። አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመት ማጭድ አይገባም። ሲከፈት ግን ባለ መብቱ ሁሉ ድርሻውን ያጭዳል። «መጀመሪያ ሳህን ግዛ፣ ከዚያ ሳር እናሳይሃለን» ያለ የቀሮ አባት አልሰማንም። ያ ሳር ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል፤ ጓሳው ገሳ ሆኖ እረኛውን ከዝናብ ያስጥላል። አንቺ ስንት ዓመት የተሰለፍሽለት ቦርሳ ዝናብ ሲመጣ ምን ያደርግልሻል? ምንም። አንቺ ትሆኚለታለሽ እንጂ ገሳ! ጃኬትሽን አውልቀሽ አልብሰሽው በካናቴራ ስትሮጪ እኮ አየንሽ። በዚያ ብርድ! ጭላዳው ሳሩን አቁሞ ነው ያየሽ።

«ብርኪንን ስለማታውቁ ነው!»

አመጣሻት! ይህችን ስንጠብቅ ነው የዋልነው። ጄን ብርኪንን አሳምረን እናውቃታለን። እንግሊዛዊት፣ ፈረንሳይ አገር ተዋናይትና ዘፋኝ ሆና የኖረች። ይቺ ሴት በምን ትታወቅ ነበር? ምን አንጠልጥላ ትዞር ነበር? ተመልካች፣ ጸጥ በሉልኝማ፦ ቅርጫት! ዘንቢል! ድግስ ትሄዳለች፣ ዘንቢል። ገበያ ትሄዳለች፣ ዘንቢል። በ1980ዎቹ ዓመተ ፈረንጅ መጀመሪያ አውሮፕላን ላይ ከኤርሜሱ አለቃ ከዣን ሉዊ ዱማ ጎን ተቀምጣ ለእናት ዕቃ የሚበቃ ደህና ቦርሳ ጠፋ ብላ አማረረች፤ በ1984 ቦርሳው ወጣላት። እና የብርኪን እናት ማን ሆነች? ዘንቢል! አንቺ ዘንቢል የያዘች ሴት ስታይ አፍንጫሽን የምትይዢው ለካ የቦርሳሽን እናት ኖሯል የምትንቂው።

ቦርሳዋንስ እንዴት ያዘችው? ሸፍና አስቀመጠችው? የለም! ተለጣፊ ለጠፈችበት። ጥፍር መቁረጫ አንጠለጠለችበት። ጠቅጥቃ ሞላችው። ስትጠግበው በ1994 ለበጎ አድራጎት ጨረታ ሰጠችው። «ቦርሳ ኢንቨስትመንት ነው» ስትዪ የነበርሽው፣ ጆሮሽን ክፈቺ፦ ያቺው የተላላጠች፣ የተለጠፈባት ምልክት ገና ያለቀቀ ቦርሳ በሐምሌ 2025 ዓመተ ፈረንጅ ፓሪስ ላይ በሶዝቢ ጨረታ 8.6 ሚሊዮን ዩሮ አወጣች። ያንቺ የእጀታዋ ላስቲክ ገና አልተላጠም! ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፋ፣ በከረጢት ላይ ከረጢት ለብሳ፣ ሆዷ በጋዜጣ ተወጥሮ። በቤትሽ ጋዜጣ የምታነብ እሷ ብቻ ናት።

ብርኪን ከሚለው ላይ ብሩን ቀንሺ፤ ኪን ይቀራል። ኪኑን ጄን ይዛው ሄደች። ላንቺ የደረሰሽ ብሩ ነው፤ እሱም የዕቁብ።

አሁን በይ ተነሺ፣ የደብረ ብርሃን መኪና ሊሄድ ነው። «ቦርሳ መሬት ከነካ ገንዘብ ይሄዳል» ብለሽ ወንበሩ ላይ አስቀምጠሻታል አሉ። አንሥተሽ ጭንሽ ላይ አድርጊያት፤ እኒያ ባና የለበሱት አባት ቆመዋል። ካልሆነ ሒሳብ አዘጋጂ፤ ረዳቱ ከወዲያ ጫፍ እየቆጠረ መጥቷል፣ «የእሷንስ ማን ይከፍላል?» እያለ ነው።