«ሁሉን ያካተተ»

ገና ሲቃረብ ሲሪንቃ አስፋልት ዳር ያለው ሻይ ቤት ግድግዳ በላሊበላ ጉዞ ፖስተር ይሸፈናል። ሁሉም ላይ ቤተ ጊዮርጊስ አለ፤ ከላይ ወደ ታች የተነሳ፣ አንዱ ከሌላው የቀዳው ፎቶ። ሁሉም «ሁሉን ያካተተ» ይላል፤ ምኑን እንዳካተተ ግን አይናገርም። ደውለህ «ማደሪያውስ?» ስትል «አብሽር፣ ችግር የለም» ትባላለህ። ድንኳን ይሁን የሰው ግቢ ይሁን ሜዳ፣ ስትደርስ ታየዋለህ። መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብለህ ብትጠይቅም መልሱ ያው አብሽር ነው።

ዋጋውማ አይነሳ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ደሴን፣ ሐይቅን፣ ውጫሌንና መርሳን አልፎ እኛ ደጅ ሲደርስ አብዛኛው መንገድ አልቋል፤ ወልዲያ አፍንጫችን ሥር ናት። የምንከፍለው ግን አዲስ አበባ ከተሳፈረው እኩል ነው። ለምን ስንል «ወንበሩ እኮ ከመነሻው ጀምሮ ለእናንተ ተይዞ ነው የሚመጣው» ይሉናል። ሌሊት ብርድ ላይ ቆመን ጠብቀን ስንገባ፣ ያ የተያዘልን ወንበር ላይ አንድ ጎረምሳ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ለእኛ መተላለፊያው ላይ በርጩማ ይደረደራል።

ከወልዲያ ቻይናዎች በደርግ ዘመን በሠሩት መንገድ ወደ ድልብ ሽቅብ ስንጠመዘዝ አስተባባሪው ማይክ ይይዛል። ለጧፍ ይሰበስባል። ለሾፌሩ ማበረታቻ ይሰበስባል። ሁሉን ያካተተው ይኼን አላካተተም ማለት ነው። ጋሸና ላይ «ቁርስ 20 ደቂቃ» ይባላል፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሾፌሩ ገና ቡናውን እየጠበቀ ነው።

ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው አገሩን በእግሩ የረገጠው አይመስለኝም። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት፣ ነአኩቶ ለአብ፣ አሸተን ማርያም፣ ይምርሃነ ክርስቶስ፣ ሁሉም በአንድ ቀን! አሸተን ተራራ ነው፤ ይምርሃነ ክርስቶስ ከከተማው ርቆ ዋሻ ውስጥ ያለ ነው። ላሊበላ ከተማው ውስጥ ያሉት ራሳቸው ዮርዳኖስ በሚባለው ወንዝ ወዲህና ወዲያ ተከፍለዋል፣ ጊዮርጊስ ደግሞ ለብቻው። በየበሩ ጫማ ይወልቃል። የአንድ አውቶቡስ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ተሳልሞ፣ መልሶ የራሱን ጫማ ከዚያ ክምር ፈልጎ እስኪያገኝ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ይኼን ያሰበ የለም። ቤተ ማርያም ላይ አንዲት እናት ግንባራቸውን ዓምዱ ላይ አድርገው ስለ ልጃቸው ገና መናገር ሲጀምሩ፣ አስተባባሪው ትከሻቸውን ነካ አድርጎ «እማማ፣ ይበቃል፤ ሌላም አለ» አላቸው። ዞረው እንኳ አላዩትም፤ ደግ አደረጉ።

የሁላችንንም አንጀት ያሳረረው ግን ቤዛ ኩሉ የሚባለው የገና ዝማሬ ነው። ፖስተሩ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር። ታኅሣሥ 29 ጠዋት ካህናቱ ማሜ ጋራ ላይ ቆመው ሲያሸበሽቡ፣ እኛ ከከተማው ውጭ ባደርንበት ሜዳ ተሰልፈን ስም እንጠራ ነበር። ሁለት ሰው ጎደለ ተብሎ ተቆጠርን፣ እንደገና ተቆጠርን። ጎደሉ የተባሉት ሌሊቱን በእግራቸው ሄደው ጠግበው አይተው ኖሯል።

ስንመለስ ወልዲያ ሳንደርስ ማይኩ ተከፈተ። ለጥር 21 ግሼን ማርያም ምዝገባ መጀመሩ ተነገረ፤ ሁሉን ያካተተ፣ ቦታ ውስን ነው። አጠገቤ በርጩማ ላይ የነበረችው፣ ከድልብ ጀምሮ ስትራገም የመጣችው ጎረቤቴ፣ ቅድመ ክፍያውን ቆጥራ ሰጠችና «ወንበር ከፊት ይሁንልኝ አደራ» አለችው።

«አብሽሪ» አላት።