የማይፈለግ ጥሪ፦ ባሕርዩ፣ ዝርያዎቹና የሲስተም ምስጢር

የማይፈለግ ጥሪ ማለት ከሁለቱ ተነጋጋሪዎች ቢያንስ አንደኛው ባይደረግ የሚመርጠው የስልክ ጥሪ ሲሆን፣ በዚህ ብያኔ መሠረት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ «አለሙ ነህ?» ብሎ አለሙ ያልሆነን ሰው የሚቀሰቅሰው የተሳሳተ ቁጥር፣ ሳይነሣ ተቋርጦ ወጪውን ወደ ተደዋዩ የሚያዞረው ሚስኮል፣ እንዲሁም ሎተሪ ቆርጦ ለማያውቅ ሰው ሎተሪ እንደደረሰው የሚያበሥረው የአጭበርባሪ ጥሪ በአንድ ጎራ ይመደባሉ። እነዚህ ዝርያዎች በየቤቱ የታወቁ ስለሆኑ ሰፊ ሐተታ አያሻቸውም፤ ስለ ሚስኮል ብቻ፣ አንድ ጊዜ ከሆነ «ደውልልኝ»፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ «ደርሻለሁ፣ ውጣ» ማለት እንደሆነ የሚደነግግ ያልተጻፈ ሕግ መኖሩን፣ ይህም ሕግ ከብዙ የተጻፉ ሕጎች በተሻለ እንደሚከበር መጠቆም ይበቃል። የዚህ ጥናት ትኩረት ደዋዩም ተቀባዩም እኩል የማይፈልጉት፣ ስለዚህም የዝርያው ንጹሕ ናሙና ሊባል የሚገባው ጥሪ ነው፤ እርሱም ደንበኛ ወደ ድርጅት የጥሪ ማዕከል፣ በተለምዶ አጠራር ወደ ኮል ሴንተር፣ የሚያደርገው ነው። ደንበኛው ብሩ ከሒሳቡ ባይጠፋ ኖሮ አይደውልም ነበር፤ ተቀባይዋም ደመወዝ ባይከፈላት ኖሮ አታነሣም ነበር።

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1876 የስልክን የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ፣ ከዚያም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ሲዘረጋ፣ ተደዋዩ ጥሪውን ይፈልገው እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ደንበኛና የስልክ ሠራተኛ በይፋ የተቃቃሩት ግን በአሜሪካ፣ በካንሳስ ሲቲ ከተማ ነው። በዚያ ቀብር በማስፈጸም ይተዳደር የነበረው አልመን ስትሮውጀር፣ እንደሚተረከው፣ መስመር የምታገናኘው ኦፕሬተር የእርሱን ደንበኞች ወደ ተፎካካሪው ታሻግራለች ብሎ ስለጠረጠረ፣ ኦፕሬተር የማያስፈልገው ማገናኛ ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1891 መብቱን አስመዘገበ። እንግዲህ «ለአማርኛ 1ን ይጫኑ» የሚለው ድምፅ የዘር ሐረጉ ሲቆጠር በአገልግሎት ከተማረረ ቀባሪ ላይ ያርፋል ማለት ነው፤ ድምፁ ለምን ያን ያህል የተረጋጋ እንደሆነም ይህ በከፊል ያስረዳል።

ደዋዩ ቋንቋ መርጦ፣ ስለ አዲስ ጥቅል የሚነገረውን ማስታወቂያ ሳይወድ አዳምጦ ካበቃ በኋላ ባለሙያዎች ሁሉ ሌሎች ደንበኞችን እያስተናገዱ ስለሆነ በትዕግሥት እንዲጠብቅ ይነገረዋል። ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ኤርላንግ ለኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ካሳተመው ጥናት በተነሣ ስሌት ይህን ያህል ሰው ቢደውል ስንት ሠራተኛ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል፤ ስለዚህ ደንበኛው የሚጠብቀው ስሌቱ ስላልታወቀ ሳይሆን ስለታወቀ ነው። የማቆያው ሙዚቃም ቢሆን አባት አለው፦ አሜሪካዊው የፋብሪካ ባለቤት አልፍሬድ ሌቪ፣ የላላ የስልክ ሽቦ የሕንፃውን ብረት ነክቶ የሬዲዮ ጣቢያን ዘፈን ለሚጠብቁ ደዋዮች ሲያሰማ አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1966 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። በእኛ አገር ይህን ቦታ የያዘው ልክ ሊሞቅ ሲል በማስታወቂያ ተቆርጦ እንደገና ከመነሻው የሚጀምር ክራር ሲሆን፣ ደንበኛው ጉዳዩን እስኪረሳ ድረስ ዜማውን ያስጠናዋል።

በመጨረሻ ስልኩን የምታነሣው ባለሙያ የምትሠራው ሥራ በምሁራን ዘንድ «የስሜት ሥራ» ይባላል። ስያሜውን ያስተዋወቁት አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር አርሊ ሆክሽልድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ከተፈጥሮዋ በላይ ደግ፣ ዕዳ ሰብሳቢ ደግሞ ከተፈጥሮው በላይ ክፉ እንዲሆን ደመወዝ እንደሚከፈለው አሳይተዋል። የጥሪ ማዕከል ባለሙያ በዚህ ላይ ሰዓት ተጨምሮባታል፤ አንድ ጥሪ ከተነሣበት እስከተዘጋበት በሚፈጀው ጊዜ አማካይ ትመዘናለች፣ አማካዩም ባጠረ ቁጥር ትመሰገናለች። ይህ መለኪያ ሰላምታ በአንድ ቃል በሚያልቅበት አገር እንደተቀረጸ መገመት አያዳግትም። ከመርሐ ቤቴ የሚደውሉ አንዲት እናት «እንደምን ዋልሽ ልጄ? ቤተሰብ ደኅና ነው? እናንተ ጋ ዝናቡ ጣለ ወይ?» ብለው ሲጀምሩ፣ ባለሙያዋ በሥልጠናዋ መሠረት «ምን ልርዳዎት?» ብትል አሳዳጊ ያጣች ትባላለች፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» ብትል ደግሞ ከወሩ ነጥቧ ይቀነሳል። ጉዳዩ ካርዱ ሲፋቅ ቁጥሩ አብሮ መፋቁ እንደሆነ በስንት ማጣራት ከታወቀ በኋላም፣ የተረፈውን ቁጥር የሚያነበው የልጅ ልጃቸው ከከብቶቹ ዘንድ ተጠርቶ እስኪመጣ «ቆይኝ የኔ ልጅ» ይሏታል። ደንበኛ ድርጅትን በትዕግሥት እንዲጠብቅ የሚያዝበት ይህ ሁኔታ በመስኩ ሊቃውንት ዘንድ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም፤ በዚያን ጊዜ የማቆያ ሙዚቃ ሆኖ የሚሰማው የዶሮ ጩኸት ከማስታወቂያ ነፃ መሆኑም ሊመዘገብለት ይገባል።

ተቃራኒው ዝርያ በከተማ የሚገኘው ተቆጪ ደንበኛ ነው። «ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?» የሚለው ጥያቄው በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ያስደነግጥ ይሆናል፤ እዚህ ግን ባለሙያዋ ሙሉ ስሙን ከነአያቱ፣ ቀሪ ሒሳቡን ከነሳንቲሙ በፊቷ ካለው ስክሪን እያነበበች ስለሆነ ትክክለኛው መልስ «አዎ» ነው። ሥልጠናው ይህን መልስ አይፈቅድም።

የሁለቱም ዝርያዎች ጥሪ ብዙውን ጊዜ የሚያመራው ወደ ሲስተም ነው። ሲስተም ማለት በባንክ፣ በክፍለ ከተማና በጥሪ ማዕከል የሚያድር፣ ማንም በዓይኑ ያላየው፣ መኖሩ የሚታወቀው በሌለ ጊዜ ብቻ የሆነ ኃይል ሲሆን፣ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ያስቸግራል፣ አንዳንዴም «እምቢ ይላል»፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመሄድ ጠባዩ በተገልጋዮች ዘንድ በስፋት ይነገራል። ቀደም ባለው ዘመን ለቆሌ ይሰጥ የነበረው ሥልጣን አብዛኛው ወደ እርሱ ተላልፏል ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ቆሌ ቡናና ዕጣን ከቀረበለት ይለመን የነበረ ሲሆን፣ ሲስተም ግን «ከአንድ ሰዓት በኋላ ሞክሩ» ከማለት በቀር ምን እንደሚፈልግ አለመናገሩ ነው። የሆነ ሆኖ ጥቅሙን መካድ አይቻልም፤ ሲስተም የለም ከተባለ ባለሙያዋ ከጥፋት፣ ደንበኛውም ተሸንፎ ከመዝጋት ኀፍረት ይድናሉና። እስከዚያች ደቂቃ ሲነታረኩ የቆዩት ሁለት ሰዎች በአንድነት የሚተክዙበት፣ ከጠቅላላው ጥሪ ሰላማዊው ክፍልም ይኸው ነው።

ጥሪው የሚዘጋው «ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖራል?» በሚል ጥያቄ ሲሆን፣ ቀጥሎ አገልግሎቱን ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር እንዲመዝን ለደንበኛው አጭር መልእክት ይላክለታል። ተቆጪው ደንበኛ ሳያመነታ 1 ይልካል፤ የሚቀነሰው ግን የባለሙያዋ ነጥብ እንጂ የሲስተሙ አይደለም። የመርሐ ቤቴዋ እናት መልእክት ስለማያነቡ፣ ደግሞም ካርዱ ስለሞላላቸው፣ በማግስቱ ለማመስገን እንደገና ይደውላሉ። «ያቺን የትናንትናዋን ልጅ አገናኚኝ» ቢሉም ስሟን ስላልያዙ አልተቻለም፤ ስለዚህ «ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ ዘርተሽ ቃሚ» የሚለውን ምርቃት ስልኩን ላነሣችው ለሌላይቱ ባለሙያ አሜን እያስባሉ እስከ መጨረሻው ያዘንቡላታል። ይህኛው ጥሪ ሁለቱም ወገኖች የፈለጉት በመሆኑ ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው፤ በጥሪ ማዕከሉ የምክንያቶች ዝርዝር ውስጥም ምርቃት የሚባል መደብ ስለሌለ «ሌላ» በሚለው ሥር ይመዘገባል፤ በወሩ መጨረሻም ጥሪው ያለ ጉዳይ ለምን ያን ያህል እንደረዘመ ባለሙያዋ በጽሑፍ እንድታስረዳ ትጠየቃለች።