ስለ ቀይ ቆበኞቹ ሽማግሌዎች
ከፍራንክፈርት የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ለአጎቴ፤

ከአትክልቴ ቦታ ተነሥቼ የላክሁልዎትን ፎቶግራፍ አይተው፣ «ከጎመኑ መደብ ማዶ፣ ቀይ ቆብ ደፍቶ፣ ነጭ ጢሙን እስከ ደረቱ አውርዶ የቆመው አባት የየትኛው ገዳም መነኩሴ ነው? በጸሎት እንዳስበው ስሙን ላክልኝ፤ በረከቱም ትድረሰኝ» ሲሉ የጻፉልኝን ባነበብሁ ጊዜ፣ ነገሩ ሳይውል ሳያድር መልስ የሚሻ ሆኖ አገኘሁት። አጎቴ ሆይ፣ ያ አባት መነኩሴም ባሕታዊም አይደለም፤ ከሸክላ ተሠርቶ ቀለም የተቀባ፣ ቁመቱም ከጉልበቴ የማያልፍ የጓሮ ድንክዬ ነው። እርግጥ ነው፣ ከቆመ ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም፣ በአርምሞውም ብዙ ባሕታውያንን ያስንቃል፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ ከተጋድሎ ሳይሆን ከጭቃነቱ የመጣ ስለሆነ፣ በረከቱን ባይጠብቁ ይሻላል። ጣዖት ነው ብለውም አይስጉ፤ የሚሰግድለት፣ ዕጣን የሚያጥንለት ወይም ስእለት የሚሳልለት ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ነገሩ እንዲገባዎ ከቦታው ልጀምር። በዚህ አገር ከፎቅ ቤት የሚኖርና የራሱ ጓሮ የሌለው ሰው፣ በከተማው ዳርቻ ከሚገኝ የአትክልተኞች ማኅበር አንዲት ቁራሽ መሬት ተከራይቶ፣ ቅዳሜና እሑድ ድንች ሲኮተኩት ይውላል፤ ልማዱም፣ ሽሬበር በተባለ ሐኪም ስም የተጠራው የመጀመሪያው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1864 በላይፕሲክ ከተማ ከተመሠረተ ወዲህ እየሰፋ መጥቶ፣ እኔን ስደተኛውን ሳይቀር ባለ ጎመን አድርጎኛል። ጀርመኖች ያለ ሕግ የሚተክሉት አንዳች ነገር ስለሌለ፣ በ1983 የወጣው ድንጋጌ የቦታው ስፋት ከ400፣ የጎጆው ደግሞ ከ24 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ሲወስን፣ ፍርድ ቤትም በበኩሉ ከመሬቱ ቢያንስ ሲሶው ለአትክልትና ለፍራፍሬ እንዲውል በይኗል፤ የሲሶን ነገር እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታልና አላብራራም።

እንግዲህ ሁሉ ነገር በሜትር በሚለካበት በዚህ ስፍራ፣ ከአጥሬ ማዶ ያለው ጡረተኛ ጎረቤቴ፣ አንዱን ድንክዬ ከውሃ ገንዳ ዳር መንጠቆ አስይዞ፣ ሁለተኛውን የአፈር ጋሪ አስገፍቶ፣ ሦስተኛውን ከጽጌረዳ ሥር አስተኝቶ፣ እንደ አንድ መኰንን ሰልፉን እየዞረ ሲጎበኝ ይታያል። እነዚህ ድንክዬዎች ልክ እንደ እኛ ዘበኛ ከደጅ ያድራሉ፣ አንዳንዶቹም ፋኖስ ይዘው ያንቀላፋሉ፤ ከዘበኛ የሚለዩት ጋቢም ሻይም ባለመጠየቃቸው ብቻ ነው። ውርጭ ሲመጣ ግን፣ ሸክላው የጠጣው ውሃ በረዶ ሆኖ እንዳይሰነጥቃቸው፣ ጎረቤቴ አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልሎ ከጎጆው ያስገባቸዋል፤ በዚያን ጊዜ የሚያሳየውን ርኅራኄ ለሰው ልጅ ሲያሳይ ገና አላየሁትም። ለእኔም ጎመኔን የሚጠብቅ አንድ ድንክዬ በልግስና ሰጥቶኝ ነበር፤ ዛሬ ቀንድ አውጣዎች ሁሉ ከዚያ ጠባቂ ጥላ ሥር ተጠልለው፣ በሰላምና በጸጥታ ጎመኔን ይበሉታል።

የድንክዬዎቹን ትውልድ ብንመረምር ነገሩ ከምድር በታች ይጀምራል። የጀርመን ማዕድን ቆፋሪዎች በተራራው ሆድ ውስጥ ማዕድኑን የሚጠብቁ ትናንሽ ፍጡራን እንዳሉ ይተርኩ ነበር፤ ፓራሴልሱስ የተባለው ስመ ጥር ሐኪምም በ16ኛው መቶ ዓመት፣ እኛ በአየር ውስጥ እንደምንመላለስ እነርሱ በአፈር ውስጥ እንደሚመላለሱ አድርጎ ስለ ምድር መናፍስት ጻፈ። ከዚያ በኋላ በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ፣ በቱሪንጊያ አውራጃ ግሬፈንሮዳ በምትባል መንደር፣ ፊሊፕ ግሪበልና አውጉስት ሃይስነር የተባሉ ሸክላ ሠሪዎች እነዚያን መናፍስት ጭቃ አልብሰው፣ በእሳት ተኩሰው፣ ቀለም ቀብተው በብዛት ለገበያ አወጧቸው፤ ስለዚህ መንፈስ ሥጋ ሲለብስ በገንዘብ የተገዛበት አገር ይህ ነው ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ በእንግሊዝ አገር የዝናቸው መሠረት የተጣለው በድኻ ጓሮ አይደለም። ሰር ቻርልስ አይሸም የሚባል ባላባት፣ ሥጋ የማይበላና የመናፍስትን መኖር አጥብቆ የሚያምን ሰው፣ በኖርዛምፕተንሺር ከሚገኘው ላምፖርት ከተባለው ርስቱ አጠገብ በገዛ እጁ የድንጋይ ተራራ ክቦ፣ በ1840ዎቹ ከኑረምበርግ ያስመጣቸውን የሸክላ ድንክዬዎች እንደ ማዕድን ቆፋሪ አድርጎ በየዋሻው አሰማራቸው። ሴቶች ልጆቹ ግን የአባታቸውን ወዳጆች ከቶ ሊታገሧቸው ስላልቻሉ፣ እርሱ በ1903 ካረፈ በኋላ ሁሉንም ከርስቱ አጠፏቸው፤ ከድንጋይ ስንጥቅ የተሸሸገ አንድ ብቻ ሳይታይ ቀርቶ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ በሕይወት፣ ማለትም በሸክላነቱ፣ ተገኘ። ዛሬ ላምፒ የተባለው ይህ የማኅበሩ ቅሬታ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ የመድን ዋስትና ተገብቶለታል፤ እኔና እርስዎ ከነገዳችን ሰዎች ሁሉ ጋር ተደምረን ይህን ያህል መገመታችንን እጠራጠራለሁ።

የሚያስደንቀው ነገር፣ ድንክዬው በባላባት ጓሮ ሲቆም ጥበብ ተባለ፤ ዋጋው ረክሶ የባቡር ሠራተኛውና የልብስ ሰፊው ጓሮ ውስጥ በገባ ጊዜ ግን ነውር ሆነ። የእንግሊዝ የንጉሣዊ አትክልት ማኅበር በቼልሲ በሚያዘጋጀው ታላቅ የአበባ ትርኢት ላይ ድንክዬ ድርሽ እንዳይል አውግዞ፣ በ2013 ለመቶኛ ዓመቱ በዓል ክብር ለጊዜው ምሕረት አደረገለት፤ በዓሉም ሲያልፍ ግዝቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። በዚህ በጀርመንም በ1988 የሐምቡርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በጋራ ጓሮ ላይ ስለቆሙ ድንክዬዎች ባለቤቶች ተካስሰው ቀርበውለት፣ የሚወዳቸውም የሚጠላቸውም እንዳለ አስተውሎ፣ ከጋራው ቦታ እንዲነሡ ፈረደ፤ በ1994 ደግሞ በግሩንሽታት ከተማ አንድ ሰው ነውረኛ ምልክት የሚያሳዩ ድንክዬዎችን ወደ ጎረቤቱ ፊት ለፊት አዙሮ ቢያሰልፍ፣ ዳኛው ስድብ በአፍ ብቻ እንዳይደለ ተገንዝቦ አስነሣቸው።

ወዳጆቻቸውም ቢሆኑ ከጠላቶቻቸው የማይተናነስ ቁም ነገር አላቸው። በስዊስ አገር በባዝል ከተማ በ1981 የተቋቋመው የድንክዬዎች ጠባቂ ማኅበር፣ እውነተኛ ድንክዬ ጢም ያለው፣ ሾጣጣ ቆብ የደፋና ቁመቱ ከ69 ሳንቲሜትር የማይበልጥ ነው ሲል ቀኖና ሠርቶለታል። በፈረንሳይ አገርም በ1990ዎቹ «የጓሮ ድንክዬዎች ነጻ አውጪ ግንባር» የተባለ ቡድን በአላንሶን ከተማ አካባቢ ተነሥቶ፣ በሌሊት ድንክዬዎችን ከየጓሮው እየሰረቀ ወደ ተፈጥሮ ርስታቸው ወደ ጫካው ይመልሳቸው ነበር፤ በ1997 መሪው በስርቆት ተከሶ በገደብ ተፈረደበት። እኛ ብዙ ግንባር ያየን ሕዝብ ነን፤ ነገር ግን ነጻ የወጣው ወገን ያላማረረበትን ግንባር እኔ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ሳሰላስል የደረስሁበት ፍርድ ይህ ነው፦ ሰው ሁሉ፣ በተለይም ሥርዓት አጥብቆ ያሰረው ሰው፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ሞኝ የሚሆንባት አንዲት ክንድ መሬት ያስፈልገዋል። ጎረቤቴ አርባ ዓመት ሙሉ በሰዓት ሲገባና በሰዓት ሲወጣ ኖሮ፣ ጡረታውን ሲያገኝ ያችን ክንድ መሬት ለድንክዬዎቹ ሰጣት። ድንክዬ የሚጠሉት ሊቃውንት ስለ ውበት ይናገራሉ እንጂ፣ ጠጋ ብሎ ላዳመጣቸው የሚያሳስባቸው የባለቤቱ ማንነት ነው፤ ያው ሸክላ በቤተ መዘክር ቢቆም ገንዘብ ከፍለው ያዩታልና።

በመጪው ሐምሌ ሊጠይቁኝ እንደሚመጡ ስለ ነገሩኝ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ አንዲት ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። በጎረቤቴ አጥር በኩል ስናልፍ ባርኔጣዎን አንሥተው ለሰውየው ደህና ዋልህ ይበሉት እንጂ፣ በድንክዬዎቹ አይሳቁበት፤ ሳቅ ከመጣብዎ ከእኔ ጎጆ ገብተው እንደ ልብዎ ይሳቁ።

እጅ እየነሣሁ እሰናበታለሁ፤
የእኅትዎ ልጅ