ሜዳሊያውና ዳገቱ

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችበት ዘመን፣ ከሲድኒ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በፓራማታ አንድ ባለርስት ይኖር ነበር። ከዮርክሺር በመርከብ ያስመጣው ዳማ ድንጉላ ነበረው፤ ቁመቱ የዘለገ፣ ጋማው የተንዠረገገ፣ አረማመዱ ዓይን የሚያፈዝ። የቅኝ ግዛቱ የግብርና ማኅበር በ1822 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ወዲህ በፓራማታ ሜዳ የእንስሳት ውድድር ይካሄድ ነበርና፣ ድንጉላው ባዶ ሰረገላ እየጎተተ በዳኞች ፊት ተመላለሰ። ዳኞቹም ወደዱት፤ የብር ሜዳሊያም ሸለሙት።

ባለርስቱ ወዲያው በጋዜጣ አስነገረ፦ ባዝራ ያለው ሁሉ ያምጣ፣ ዋጋውን ከፍሎ ከተሸላሚው ድንጉላ ያስጠቃ አለ። ገበሬው ያለችውን ስንዴ እየሸጠ መጣ።

ድንጉላውን የሚቀልበው ግን አንድ እስረኛ ነበር። ከእንግሊዝ ተግዞ መጥቶ፣ ለባለርስቱ ያለ ደመወዝ እንዲያገለግል የተመደበ ሰው ነው። እሱም በትሕትና ቀርቦ፣ «ጌታዬ፣ ይህ ፈረስ ጭነት ሲከብደው ትንፋሹ ያፏጫል። ለዘር ከመዋሉ በፊት ዳገት ላይ ይፈተን» አለ።

ባለርስቱ ተቆጣ። «ዳኞች ያልሰሙትን አንተ ከየት ሰማኸው? የእስረኛ ቃል ከሜዳሊያ ሊበልጥ ነው?» አለና ከፊቱ አባረረው።

አሥራ አንድ ወር ሞላና ውርንጭሎች ተወለዱ። ሁሉም እንደ አባታቸው መልከ መልካም ነበሩ፤ አገሩም ባለርስቱን መረቀ። አድገው ለሥራ ሲደርሱ ጋሪ ተጠመደባቸውና ብሉ ማውንቴንስ የተባለውን ተራራ በሚያቋርጠው መንገድ ተነዱ። ያን መንገድ በ1814 እና በ1815 እ.ኤ.አ. እስረኞች በ6 ወር ገደማ የጠረቡት ነው፤ ተራራውን አቋርጦ 160 ኪሎ ሜትር ያህል እስከ ባተርስት ይዘልቃል። ሜዳውን በሽምጥ ያለፉት ወጣት ፈረሶች ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸው ማፏጨት፣ ከዚያም ማጓራት ጀመረ። የማንቁርታቸው ግራ ጎን ሽባ ሆኖ አልከፈት ስላለ አየር አጠራቸው፤ ቆሙ።

ገበሬዎቹ እያለቀሱ ወደ ባለርስቱ መጡ። እሱ ግን፣ «ጥፋቱ የባዝራዎቻችሁ ነው። በ1788 እ.ኤ.አ. የደረሱት የመጀመሪያዎቹ መርከቦች ከአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ከጫኗቸው ፈረሶች የተወለዱ ድንክዬዎች ናቸው፤ ክቡሩን ዘር አበላሹት» አላቸው። እነሱም አመኑት። ባዝራዎቹ ተገረፉ፣ ገሚሶቹም ተሸጡ።

አንዲት አሮጊት ባዝራ ግን በአጥሩ በኩል ወደ ድንጉላው ቀረበች። «ልጄ፣ ካንተ በፊት ሜዳሊያ ከሌላቸው ድንጉሎች ስድስት ወልጃለሁ፤ ስድስቱም ያን ተራራ ይወጣሉ። ካንተ የወለድኩት ብቻ መንገድ ላይ ቀረ። እኔ ያው አንድ ነኝ፤ የተለወጠው ምንድን ነው?» አለችው።

ድንጉላው ረጅም ጊዜ ዝም አለ። «እማማ፣ እኔ ዳገት ወጥቼ አላውቅም። በሜዳ ስሮጥ አጨበጨቡልኝ፤ ጭብጨባቸውንም ስለ ራሴ እንደተነገረ እውነት ቆጠርኩት። አሁን ልፈተን» አላት።

በማግስቱ እስረኛው ሲፈታው ወደ ግጦሹ መሄዱን ትቶ፣ ጭነት ተጭኖበት ከቆመው ጋሪ አጠገብ ሄዶ ቆመ። እስረኛው ነገሩ ገባው፤ ጠመደው። ገበሬዎችና ባዝራዎች ተከተሏቸው። የመጀመሪያው ዳገት ገና ሳያልቅ የድንጉላው ጉሮሮ ያጓራ ጀመር፤ ጩኸቱ ከልጆቹ ጩኸት ጋር አንድ ነበር። ሁሉም ሰማ። ድንጉላውም፣ «ከእንግዲህ ሰረገላ በሜዳ ልጎትት፤ አባት ግን አታድርጉኝ» አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ገበሬዎቹ ቃል ተገባቡ፦ ጭኖ ዳገት ያልወጣ፣ ቀላቢው ያልመሰከረለት ድንጉላ ለዘር አይውልም። የተሸጡት ባዝራዎች ግን አልተመለሱም፤ የእስረኛውንም የባከኑ ዓመታት የካሰለት አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፣ ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል። ዘር ማለት ግን የደም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለመጪው ትውልድ የምንመርጠው መሪ፣ መምህርና ልማድ ሁሉ ዘር ነው። ሹመትና ሽልማት የግማሽ ቀን ምስክር ናቸው። የሰውን ትንፋሽ የሚያውቀው አብሮት የሚደክመው ነውና፣ ልብሱ ቢያድፍም ቃሉን እንስማ። ልጆች ዳገት ላይ ሲቀሩም እናቶችን ከመውቀሳችን በፊት፣ ያጨበጨብንለትን እንመርምር። የታችኛውን ሰው ምስክርነት የሚንቅ ማኅበረሰብ ዕዳውን የሚከፍለው በልጆቹ ነው።