ትንሽ ቀዳዳ፣ ትልቅ ኩርፊያ

«ትንሽ ጭንቅላት፣ ትንሽ ቅድ!»

ይቺን ተረብ የወረወሯት የጠጅ ቤት ደንበኞች አይደሉም። ነጭ ጋወን የለበሱ፣ በስማቸው ፊት ማዕረግ የደረደሩ የጀርመን ቀዶ ሐኪሞች ናቸው። ያረፈችውም በገዛ ባልደረባቸው በኤሪክ ሙሄ ላይ ነው። የሰውየው ጥፋት፣ ሽቱትጋርት አጠገብ ባለችው ቦብሊንገን ከተማ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1985፣ የታመመ የሐሞት ከረጢት ሆድ ሳይዘረግፍ በቀዳዳ ማውጣቱ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ፤ ጠቡም የፈረንጅ ነው።) በዓመቱ የማኅበራቸው ጉባኤ ላይ ቆሞ ይህንኑ ቢናገር ጭብጨባው ቀርቶ ፌዝ ተቀበለው። ሥራውንም «የሚኪ ማውስ ኦፕራሲዮን» አሉት።

ሙሄ ጨዋ ሰው ስለሆነ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ተመለሰ። እኔ ግን ተረብ ተወርውሮ መልስ ሲያጣ ሆዴን ይቆርጠኛል። ዘግይቶም ቢሆን ልመልስለት።

ጭንቅላት የሚለካው በቅዱ ርዝመት ነው አላችሁ? እንግዲያው ሉካንዳ ቤት ቢላ ይዞ ከቆመው ሰውዬ የሚበልጥ ሊቅ በዓለም ላይ የለም። ከአንገት እስከ ጭራ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚዘልቀው። ለፋሲካ ማግሥት ፕሮፌሰርነት ይሰጠው።

ሚኪ ማውስ አላችሁ? ይሁን፣ አይጥ ነው። አይጥ እኮ ጓዳ ገብታ የፈለገችውን ይዛ ስትወጣ ግድግዳ አታፈርስም! የእናንተ ዝሆን ግን አንዲት የሐሞት ከረጢት ፍለጋ ቤቱን ከፍቶት ያድርና «ጌታው፣ ለጥቂት ሳምንት ከባድ ዕቃ እንዳታነሳ» ብሎ ይሄዳል።

የድሮ ቀዶ ሐኪሞች «ትልቅ ሐኪም ትልቅ ቅድ ይቀዳል» የሚል አባባል ነበራቸው። መቼም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰፊ ቅድ በደንብ ያሳያል፣ ደም ድንገት ከፈሰሰም እጅ ቶሎ ይደርሳል። «ቁስል የሚገጥመው ከጎን ወደ ጎን ነው እንጂ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይደለም» እያሉም ይጽናኑ ነበር። አጭሩም ረጅሙም እኩል ይድናል ማለታቸው ነው። ለቆዳው ልክ ናቸው። ነገር ግን ያንን ቁስል ይዞ የሚያስለው፣ የሚያስነጥሰው፣ ከአልጋ ለመውረድ ሰው የሚጠራው ባለሆዱ ነው። ሐኪሙማ ጓንቱን አውልቆ ሻዩን ሊጠጣ ሄዷል። ሆደ ሰፊ መሆን ጥሩ ነው፤ የሰው ሆድ ማስፋት ግን ሌላ ነገር ነው።

ለመሆኑ ይህን ያህል ያኮራረፈው ሥራ ምንድን ነው? ታካሚው በሰመመን ይተኛል። እምብርቱ አካባቢ ትንሽ ቀዳዳ ትቀደድና ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ ግፊቱ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። አምቦ ውኃ ውስጥ የሚንጫጫው ያው ጋዝ ነው። (አንድ ጠርሙስ ጨልጦ ሆዱ የተወጠረ ያገሬ ሰው ዝግጅቱን ግማሽ ጨርሷል ማለት ነው።) ይህ ጋዝ የተመረጠው በሁለት ነገር ነው፦ ውስጥ ደም በኤሌክትሪክ ሲተኮስ እሳት አይዝም፤ የቀረውንም ደም ይመጥጠውና በሳንባ በኩል ይወጣል። የሆዱ ግድግዳ ከአንጀቱ ተነሥቶ ቦታ ሲገኝ፣ በእምብርቱ ካሜራ፣ ከ5 እስከ 12 ሚሊ ሜትር በሆኑ ሌሎች ቀዳዳዎች ደግሞ ረጃጅም መቆንጠጫና መቀስ ይገባል። የሐሞት ከረጢቱ ቱቦና ደም ሥሩ በክሊፕ ተይዘው ይቆረጣሉ፤ ከረጢቱ ከጉበት ይላቀቃል፤ በላስቲክ ተጠቅልሎም አብዛኛውን ጊዜ በእምብርት በኩል ይወጣል። ብዙ ሰው በማግሥቱ፣ አንዳንዱም በዚያው ዕለት ቤቱ ይገባል። አሁን ይኼ ያስኮርፋል?

ደግሞ ድንገተኛ ነገር አልነበረም። ጌኦርግ ኬሊንግ የሚባል ሐኪም የውሻ ሆድ በአየር ነፍቶ ውስጡን ያሳየው በ1901 ነው፤ ውሻው እንኳ አላኮረፈም። ሃንስ ክርስቲያን ያኮቤውስ ስቶክሆልም ላይ በሰው ያደረገው በ1910 ነው። እንግዲህ ጉባኤው «አዲስ ነገር መጣብን» ብሎ ሲደነግጥ ነገሩ የጡረታ ዕድሜውን አልፎ ነበር።

ከሙሄ በፊት ይህን ፌዝ የጠገበው የኪል ከተማው የማህፀን ሐኪም ኩርት ዜም ነው። የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠር ማሽን ሠራ፤ ሆድ ውስጥ መስፋትና መቋጠር የሚቻልበትን ዘዴ ፈለሰፈ። ባልደረቦቹ ምን አሉት? «ጭንቅላቱ ይነሣ!» አእምሮው ያልተነካ ሰው በቀዳዳ ኦፕራሲዮን አያደርግም ብለው የራስ ምርመራ ጠየቁለት። ልብ በሉልኝ፦ ጭንቅላት ሳይከፈት ውስጡን ማየት እንደሚቻል አምነዋል ማለት ነው! ሃይማኖታቸው የሚቀየረው ሆድ ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው።

አንድ ጉባኤ ላይ ደግሞ ዜም ሥዕሎቹን እያሳየ ሳለ፣ እንዲህ ያለ ነውር አይታይም ተብሎ የማሳያው መሣሪያ ሶኬት ተነቀለበት። መብራት አጥፍቶ ክርክር ማሸነፍ! እኛ አገር መብራቱ ራሱ ይሄዳል እንጂ ምሁር ተነሥቶ ሶኬት ሲነቅል አላየንም።

በ1980 ዜም የታካሚን ትርፍ አንጀት በቀዳዳ ሲያወጣ ነገሩ ይባስ ከረረ። የቀዶ ሐኪሞቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ለማህፀን ሐኪሞቹ ማኅበር ደብዳቤ ጽፈው፣ ሰውየው ከሙያው ይታገድ አሉ። የማህፀን ሐኪም አንጀት ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው ነው ነገሩ። እኛ ትርፍ ያልነውን አንጀት እነሱ ርስት አድርገውታል።

ለነገሩ ቀዳዳዋ ቀላል ናት ያለ የለም። መሣሪያውን የሆድ ግድግዳ መሐሉ ላይ ስለሚይዘው፣ ሐኪሙ እጁን ወደ ቀኝ ሲወስድ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ቀኝ ፍሬቻ አብርቶ ወደ ግራ የሚታጠፍ የአዲስ አበባ ሚኒባስ ሹፌር ለዚህ ተፈጥሮ ነበር። ዓይን የሚያየው ስክሪን እንጂ እጅን አይደለም። ስለዚህ ልምምድ ያስፈልጋል፤ ዜም ራሱ ለዚሁ የሚሆን መለማመጃ ሣጥን ሠርቷል። በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናትም፣ በሳምንት ከ3 ሰዓት በላይ የቪዲዮ ጌም ይጫወቱ የነበሩ ቀዶ ሐኪሞች በላፓራስኮፒ (የዚሁ የቀዳዳ ኦፕራሲዮን ስም ነው) ልምምድ ላይ 37 በመቶ ያነሰ ስህተት እንደሠሩ ይናገራል። ይህን ይዘህ ወደ እናትህ የሮጥክ ጎረምሳ፣ መልሱን ከእኔ ስማ፦ ስህተቱ የቀነሰው መጀመሪያ ሐኪም ለሆኑት ነው።

ታካሚውም አንድ ተረብ አለው። «ሆዴን አመመኝ ብዬ ገብቼ ትከሻዬን አሞኝ ወጣሁ፤ ማንን ነው የቀደዳችሁት?» ይላል። እውነቱን ነው። ጋዙ ሆድና ደረትን የሚለየውን ድያፍራም ይቆጠቁጠዋል፤ የድያፍራሙ ነርቭ የሚነሣው ደግሞ የትከሻው ስሜት ከሚመጣበት ከዚያው ከአንገት ነው። አእምሮ ይሳሳትና ትከሻውን ይከሳል። በቀናት ውስጥ ይለቃል።

አሁን ተረቡን ወደዚህኛው ጎራ ላዙረው፤ ለአንድ ወገን ብቻ የሚሳደብ ተራቢ ደሞዝተኛ ነውና። ፊሊፕ ሙሬ ሊዮን ላይ በ1987፣ ፍራንሷ ዱብዋ ፓሪስ ላይ በ1988 የሐሞት ከረጢት በቀዳዳ ማውጣት ሲጀምሩ፣ ትናንት ሚኪ ማውስ ይል የነበረው ሁሉ ሌሊቱን ዲዝኒ ሆኖ አደረ። ታካሚው ትንሿን ቅድ ጠየቀ፤ ገበያው ደራ፤ ቅዳሜና እሁድ በአሳማ ላይ ኮርስ የወሰደ ሰኞ ሰው ላይ የቆመበት ጊዜ ነበር። ውጤቱ አያስቅም። በቀድሞው ሰፊ ቅድ ከ1000 ታካሚ በ1 ወይም በ2 ላይ ይደርስ የነበረው የዋናው ሐሞት ቧንቧ ጉዳት፣ በዚያ ጥድፊያ ዘመን ወደ 5 ገደማ ወጣ። የተሳሳተ ቧንቧ ከተቆረጠ ሰውየው ሌላ ከባድ ኦፕራሲዮን፣ አንዳንዴም የዕድሜ ልክ ሕመም ይተርፈዋል። የአሮጌዎቹ ሐኪሞች ስጋት ከቅናታቸው ጋር ተደባልቆ ስለመጣ እንጂ ስጋቱ ራሱ ውሸት አልነበረም።

እዚህ ላይ የማልምረው አንድ ዓይነት ሐኪም አለ፦ ውስጡ በጠባሳ ተጣብቆ፣ ደም ጋርዶት፣ ቧንቧው ከደም ሥሩ አልለይ ብሎት ሳለ «በቀዳዳ ጀምሬ በቀዳዳ ካልጨረስኩ» የሚል። ወደ ሰፊው ቅድ መመለስ ሽንፈት ይመስለዋል። ጌታዬ፣ ሆዱ የሰው ነው፤ ሬከርድህን ሌላ ቦታ ስበር።

የሙሄ ነገር እንዴት ሆነ? አንድ ታካሚ ከኦፕራሲዮን በኋላ ስለሞተ ክስ ተመሠረተበት፤ በ1990 ነጻ ወጣ። በ1992 ያው የጀርመን ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ሸለመው። ጭንቅላቱ በስድስት ዓመት ውስጥ አደገ መሰለኝ።

ዛሬ በቀዳዳ የማይገባበት የሆድ ጓዳ ጥቂት ነው፦ ትርፍ አንጀት፣ ቡአ፣ ከማህፀን ውጪ የተረገዘ ጽንስ፣ ኦቫሪ ላይ ውኃ የቋጠረ እባጭ፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሳይቀር። ስለዚህ አንድ ቀን ወረፋው ሲደርሳችሁ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ «ዶክተር፣ ይህን ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ካልሆነልዎትስ ይከፍቱታል?» ሁለቱንም ሳይጎረብጠው ከመለሰላችሁ ተኙለት። ካኮረፈ ሌላ ሐኪም ፈልጉ።